የትራምፔት ነፊው ድድ

ጋሽ መልከጼዴቅ ግቢያቸው ውስጥ ከልብስ ማጠቢያው ሥር በደም ተነክረው ወድቀው የተገኙት ገና ፀሐይ ሳትሞቅ ነው። ግንባራቸው አብጧል፤ ከአፋቸው እስከ ደረታቸው ደም ወርዷል፤ ከእግራቸው አጠገብ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ አለ። ባለቤታቸው እትዬ የወይንሐረግ ከጓዳ ብቅ ሲሉ አንድ ወጣት ባላቸው ላይ አጎንብሶ አዩና ጮኹ። ወጣቱ ቀና አለ፤ ሸሚዙ ደም ለብሷል። ወዲያው በአጥሩ ዘሎ እግሬ አውጪኝ አለ።

ጊዜው የ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ ነው። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን ያስነሳው ቁጣ ቡራዩን፣ ሰበታንና ሱሉልታን ያናወጠበት፣ ጎማ ሲነድ የሚውልበት፣ ባለሱቁ አንድ ዓይኑን ሚዛኑ ላይ አንድ ዓይኑን በሩ ላይ አድርጎ የሚሸጥበት ወር። በዚያ ሰሞን ድንጋይና ደም አንድ ላይ ከተገኙ ሌላ ማስረጃ የሚፈልግ ሰው አልነበረም። ያ ወጣት፣ ባጃጅ ነጂው ድሪርሳ፣ ረፋድ ላይ ከእናቱ ቤት ተይዞ የቡራዩ ፖሊስ ጣቢያ ገባ። የእናቱ ቤት ከጋሽ መልከጼዴቅ አጥር ጀርባ ነው። የጋሽ መልከጼዴቅ ቤት የቆመበት ቦታም ቀደም ሲል የድሪርሳ አባት ጤፍ የሚዘሩበት ማሳ ነበር። ሰው ተገኘ፣ ምክንያትም ተገኘለት፤ ምርመራው ለኢንስፔክተር ከማል ባይደርስ ኖሮ ነገሩ በዚያው ባለቀ ነበር።

ከማል ችክ ያለ ሰው ነው። ሚስቱ፣ "አንተ እኮ ወጡ ለምን ጨው በዛበት ብለህ ጨው ሻጩ ድረስ የምትሄድ ሰው ነህ" ትለዋለች። አለቃው ኮማንደር ሐምዱ ይህን ጠባዩን አይወዱለትም፤ እሱን ግን ይወዱታል።

"ነገ ከምሳ በፊት መኪና ይመጣል" አሉት ኮማንደሩ። "ልጁ በዚያ ይሄዳል።"

"ወዴት?"

"ከእኔ እጅ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ የት እንደሚያደርሱት እኔም አልጠየቅኩም።"

"ሰውየው እኮ አልሞቱም። ነቅተው ይናገሩ ይሆናል።"

"ከነቁ እሰየው። ካልነቁ መኪናው አይጠብቅም።"

ከማል ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። እንዲህ ባለ መኪና የተወሰዱ ልጆችን ፍለጋ እናቶች ከጣቢያ ጣቢያ ሲንከራተቱ አይቷል። የድሪርሳ እናት አዴ ገለቴም ከወዲሁ ከጣቢያው በር ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሰላም ሊላት ፈለገና ምን ብሎ እንደሚቀጥል ስላላወቀ አንገቱን ሰብሮ አለፈ።

በጋሽ መልከጼዴቅ ግቢ የነበረው ድንጋይ አንድ ብቻ አልነበረም። ያለፈው ቀን ረብሻ ያመጣቸው ድንጋዮች ጎመኑ መደብ ላይም፣ ከቆርቆሮው አጥር ሥርም ተበትነዋል። ከማል ከደሙ አጠገብ ያለውን አንስቶ አገላበጠው። አቧራ እንጂ የደም ጠብታ የለበትም። የማጠቢያው የሲሚንቶ ጠርዝ ላይ ግን ሽበት ተጣብቆበታል፤ ገንዳው ውስጥ የቀረው ውኃም ቀልቷል።

እዚያው ቆሞ አሰበ። በድንጋይ የተመታ ሰው ይወድቃል እንጂ ገንዳ ላይ አጎንብሶ አፉን አይጉመጠመጥም። ጋሽ መልከጼዴቅ ከመውደቃቸው በፊት እየደሙ ነበር ማለት ነው።

እትዬ የወይንሐረግ ሆስፒታል የሚወስዱትን ልብስ እያጣጠፉ አገኛቸው። አንዱን ፒጃማ ያጥፉታል፣ ይዘረጉታል፣ እንደገና ያጥፉታል።

"እትዬ፣ ጋሼ የሚወስዱት መድኃኒት ነበር?"

"ምንም አይወስድም። ደህና ሰው ነው።" መልሱ ቶሎ መጣ። ነጠላቸውንም አለቦታው አስተካከሉ።

"ድሪርሳስ እዚህ ምን ያመላልሰዋል?"

"ትራምፔት ያስተምረዋል" አሉና ፒጃማውን እንደገና ዘረጉት። "መልኬ የማርሽ ባንድ ነፊ ነበር። ልጅ አልሰጠንም እኛ። ያንን ልጅ ካገኘ ወዲህ አፉን ሲፈታ ስሙን ነው የሚጠራው። እናቱ ቤታችንን ማየት ስለማትወድ እንዳትሰማቸው ትራምፔቱ ውስጥ ጨርቅ ወትፈው ነው የሚለማመዱት። ከመሶቤ እየበላ እንዴት እጁ ጨከነ?"

"ሲመታ አዩት?"

"በዓይኔ አየሁት አልኩህ እኮ።"

ከማል አልተከራከራቸውም። መኝታ ቤት ገብቶ የትራምፔቱን ሳጥን ከአልጋው ሥር ጎተተ። ትራምፔቱ በለስላሳ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ከሥሩ ግን በፌስታል የተቋጠሩ መሐረቦች አሉ፤ ሁሉም ደም የጠጡ፣ ደርቀው እንደ ካርቶን የገረሩ። ወደ አፍንጫው አስጠጋቸው። ከደሙ ሽታ ጋር ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላሉ። የዛሬ ጠዋት ደም እስከ አሁን እንዲህ አይደርቅም። ሽማግሌው ሌሊቱን ሲደሙ አድረው፣ ሚስታቸው እንዳትደነግጥ መሐረቡን ደብቀዋል።

ይህን ለእትዬ ሊነግራቸው አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። "ምንም አይወስድም" ሲሉ ነጠላቸውን ያስተካከሉበት ሁኔታ አልጣመውም።

ድሪርሳ ከማረፊያ ክፍሉ ጥግ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ሸሚዙን ለማስረጃ ወስደውበት የሰው ሹራብ ለብሷል። ከማል ጠባቂውን አሰናብቶ ከጎኑ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"አከም ጅርተ?" ብሎ በኦሮምኛ ደህንነቱን ጠየቀው።

ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ሸሚዝህን አይቼዋለሁ። ደሙ ደረቱና ክንዱ ላይ ነው። አቅፈሃቸው ነበር አይደል?"

ልጁ ቀና አለ። "ሲወድቁ አልደረስኩባቸውም" አለ በመጨረሻ። "ሳነሳቸው አፋቸው ሙሉ ደም ነው። 'ጋሼ፣ ጋሼ' እላለሁ፤ አይሰሙም።"

"ታዲያ ለምን ሮጥክ?"

"ዘንድሮ ያልሮጠ ማን አለ?"

ከማል ሊስቅ ምንም አልቀረውም። "ምን ልትሠራ ነው በጠዋት የሄድከው?"

"እሱን ከነገርኩህ ሌላ ክስ ትጨምርልኛለህ።"

"አልጨምርም።"

ልጁ በዓይኑ መዘነው። "ዛሬ መንገድ ይዘጋል ሲባል ሰማሁ። ጋሼ ዛሬ ወደ ሱሉልታ ሊሄዱ ነበር። መንገድ ላይ እንዳይጎዱብኝ ልነግራቸው ነው የሄድኩት። የእናንተ ሰዎች ግን መንገድ እንደሚዘጋ ማን ነገረህ ይሉኛል። የሰው ስም አላወጣም።"

"ሱሉልታ ምን አላቸው?"

"እንጃ። ታክሲ ተራ አደርሳቸዋለሁ፤ ለእትዬ እንዳትነግር ይሉኛል። ሌላ የማውቀው ትናንት ከጥርስ ሐኪም ቤት እንዳመጣኋቸው ነው።"

የጥርስ ክሊኒኩ ብረት መዝጊያ ለክፉም ለደጉም ተብሎ እስከ ወገብ ወርዷል። ከማል ጎንበስ ብሎ ገባ። ዶክተር ረምዚያ የሆነውን ስትሰማ የያዘችውን መስታወት አስቀመጠች።

"ትናንት ድዳቸውን አጽድቼላቸዋለሁ" አለች። "የድድ በሽታው ወደ አጥንቱ ወርዶ የፊት ጥርሳቸው መነቃነቅ ጀምሮ ነበር። የፊት ጥርሱ የሄደበት ነፊ ደግሞ አበቃለት ማለት ነው። 'ልጁን ሳላስጨርሰው እንዳይወልቅብኝ' ብለው ነው የመጡት።"

"ድድ ከጸዳ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ሊደማ ይችላል?"

"አይገባም። ጥጥ ነክሰው ይሄዳሉ፤ ቤታቸው ሳይደርሱ ይቆማል።"

"የሰጠሻቸው መድኃኒት አለ?"

ከመሳቢያው ትንሽ ጠርሙስ አወጣች። ውስጡ ቢጫ ካፕሱሎች አሉ። "ከማጽዳቱ በተጨማሪ ይችን እሰጣለሁ፤ ለጋሽ መልከጼዴቅ ከሁለት ሳምንት በፊት ነው የጀመርኩላቸው። ቅመም ናት፤ እርድ፣ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብል፣ ጥቁር አዝሙድና የደረቀ ነጭ ሽንኩርት። ዓለም ገና ያሉ አንዲት እናት ናቸው የሚያዘጋጁልኝ። የድዱን እብጠት በመቀነስ ታግዛለች ብዬ አምናለሁ፤ ማጽዳቱን ግን አትተካም። ብቻዋን ታድናለች የሚል ካለ ውሸቱን ነው።"

"አትጎዳም?"

"ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሆነ አልሰጥም። ስኳር፣ ልብ፣ ግፊት፣ ሁሉንም እጠይቃለሁ። ጋሽ መልከጼዴቅ ሲጠየቁ ሳቁብኝ። 'እኔ ጥርሴ እንጂ ሌላው ብረት ነው' አሉ።" ከዚያ ፊቱን ትኩር ብላ አየችው። "እርስዎስ? ድድዎ ይደማል እኮ። ሲያወሩ አየሁት።"

"እኔ በመፋቂያ ነው የምፍቀው" አለ ከማል፣ የተከሰሰ ይመስል።

"መፋቂያው ምንም አላደረገ። ይሄ ነገር ሲያልፍ ይምጡና ላጽዳልዎት።"

አፉን በእጁ ሸፍኖ ወጣ። ከበሩ ሳይርቅ ሆስፒታል ደወለ። ጋሽ መልከጼዴቅን የያዘው ሐኪም ድምፁ የደከመ ነው።

"የግንባሩ ነገር ቀላል ነው። ከድዱ የሚወጣው ደም ግን አልቆም አለን። የደሙን መርጋት መመርመሪያ እኛ ጋ አልቆ ናሙናውን ወደ ሌላ ቦታ ብንልክ መንገድ ላይ ቀረ። ምን እንደሚወስዱ ካላወቅን በጭፍን ነው የምናክመው። በዚህ ከቀጠለ አይዘልቁም።"

ከማል ስለ ካፕሱሉ ነገረው።

"እሱ ብቻውን ይህን አያደርግም። ሌላ ነገር አለ። ፈልግልኝ።"

ሞተር ሳይክሉን አስነሥቶ ወደ ዓለም ገና ነዳ። የጅማ መንገድ ዳር ያሉት ሱቆች ግማሹ ተዘግተዋል። የእማማ ኡሙልኸይር ቅመም ቤት ግን ክፍት ነው፤ ሽታው ሰውን ከመንገድ ይጠራል። አሮጊቷ ከጆንያዎቹ መሀል ተቀምጠው ጥቁር አዝሙድ ይለቅማሉ።

"የረምዚያን ዱቄት? እኔ ነኝ የማዘጋጀው" አሉ። "እሷ ግን በጭልፋ የሚሰጠውን በመርፌ ጫፍ ነው የምትሰጠው። ዶክተር ናት፣ ምን ይባላል።"

"ዱቄቱን ለሌላ ሰውም ይሸጣሉ?"

"ለመጣ ሁሉ።"

"ከቡራዩ የምትመጣ ሴት አለች?"

እማማ ኡሙልኸይር ልቀማቸውን ቀጠሉ። "ልጄ፣ መድኃኒት የወሰደ ሰው ስሙ አይነሣም። ከተወራ ይረክሳል። እኔም ለሰጠሁት ሁሉ 'ለማንም እንዳትናገር' ብዬ ነው የምሰጠው።"

"እማማ፣ ሰው እየሞተ ነው። አንድ ልጅም ባልሠራው ሊወሰድ ነው።"

እጃቸው ቆመ።

"ጠይም ናት፣ ረጅም፣ ነጠላዋን ከላይዋ የማታወርድ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ባሏ ሳያውቅ በምን እንደምትሰጠው ጠየቀችኝ። በማር ለውሺው፣ ጠዋት ጠዋት አጉርሺው አልኳት። ቅመም ነው እኮ። ማንን ይገድላል?" ከዚያም በቁናው ላይ እንዳቀረቀሩ፣ "ይረክሳል የምለውም" አሉ፣ "ግማሹ አሠራሬን እንዳይወስዱብኝ ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ።"

ከማል አመስግኖ ወጣ፤ ልቡ ግን ከብዷል። ምንም አይወስድም ያሉት ሴት ለባላቸው በስውር ሲያጎርሱ ኖረዋል። ሐኪሙም ሌላ ነገር አለ ብሏል። ማር ውስጥ ቅመም የሚለውስ እጅ ሌላም ነገር ሊለውስ ይችላል።

አመሻሽ ላይ ሆስፒታል ሲደርስ እትዬ የወይንሐረግ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ነበሩ። የባላቸውን ስልክ በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

"እትዬ፣ ሱሉልታ ዘመድ አላችሁ?"

ቀና አሉ። ከዓይናቸው ያየው ቁጣ አልነበረም፤ ከቁጣም የከፋ ድካም ነው። "አንተም ደረስክበት? በቀለች ትባላለች። ስሟ ስልኩ ላይ አለ። 'ነገ እንዳይቀሩ' ስትለው በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። በዚህ ዕድሜያችን ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ? ዝም አልኩ።"

"ስልኩን ልያዘው?"

ሰጡት። ስለ ማሩ ሊጠይቃቸው ይገባ ነበር፤ አልጠየቀም። ከጠየቀና ካመኑለት ወንጀለኛዋ እሳቸው ናቸው፤ መኪናውም ይወስዳቸዋል። መጀመሪያ በቀለችን ማየት አለበት። ለኮማንደሩ ደውሎ የደረሰበትን ሲነግራቸው እሳቸው ብዙም አልተጨነቁ።

"ቀናተኛ ሚስት ናት እንግዲህ። ይዘሃት ና።"

"ሱሉልታ ደርሼ ልምጣ።"

"ነገ ከምሳ በፊት ከማል። ያ መኪና ሰው ሳይዝ አይመለስም።"

በማግሥቱ ማለዳ ስልኩ ጠራ፤ በቀለች ናት። ከማል አነሣና ሳል አስመስሎ ጎረነነ።

"ጋሼ?" አለች፤ ድምፅዋ ማር ነው። "ትናንት ምነው ቀሩብኝ? ስልክዎን ብሞክር መስመሩ እምቢ አለኝ። ስሰጋ አደርኩ እኮ።"

"ዛሬ ልምጣ?" አለ በሻከረ ድምፅ።

"አሁኑኑ ይምጡ እንጂ። የፊት በሩን ዘግተነዋል፤ ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ።"

ስልኩን ሲዘጋ ለእትዬ የወይንሐረግ አዘነ። ይህን ድምፅ የሰማች ሚስት ሌላ ምን ልታስብ ኖሯል?

በእንጦጦ በኩል ወደ ሱሉልታ ወረደ። ጭጋጉ ሜዳው ላይ ተኝቷል፤ ብርዱ ጣቱን ቆረጠመው። ከወፍጮ ቤቱ ማዶ አንዲት ሴት ቆማለች። ፀጉሯ የሸበተ፣ ወፈር ያለች፣ ከሹራቧ ሥር ነጭ ጋዋን የለበሰች። ከማል ሞተሩን አጥፍቶ መታወቂያውን አሳያት።

"ሲስተር በቀለች ነኝ" አለች ግራ ተጋብታ። "እዚህ ክሊኒክ የልብ ሕሙማን ክትትል ላይ ነው የምሠራው። ጋሽ መልከጼዴቅ ምን ሆኑ?"

የክሊኒኩ ጓሮ በረንዳ ላይ ሆኖ ነገራት። ቆማ ስትሰማ ቆይታ ቁጭ አለች።

"ዋርፋሪን ይወስዳሉ" አለች። "የልብ ምታቸው ይዛባል፤ ደማቸው ረግቶ እንዳይመታቸው የሚያቀጥን መድኃኒት ነው። እየተለካ ነው የሚሰጠው። ትናንት ለዚያ ነበር ቀጠሯቸው።"

"ሚስታቸው አያውቁም። የጥርስ ሐኪሟም አታውቅም።"

"ትራምፔቱን ተው ስላልኳቸው ነዋ። 'የወይንሐረግ ከሰማች ትራምፔቴን ትደብቅብኛለች፤ የጥርስ ሐኪሟ ከሰማች ጥርሴን አትነካልኝም፤ ልጁን ላስጨርሰውና ከዚያ ለሁሉም እነግራቸዋለሁ' ይሉኛል። እኔም ሽማግሌ አይደሉም እንዴ፣ ምን ላድርግ?"

"ሲስተር፣ እርድና ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቅርንፉድ ከዚህ መድኃኒት ጋር ቢሆኑስ? በካፕሱልም፣ በዚያ ላይ በየጠዋቱ በማንኪያ?"

እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ደሙን ጭራሽ ውኃ ያደርጉታል። ስንት ጊዜ አስጠንቅቄያቸዋለሁ። 'ወጥ ውስጥ ካለው በቀር ቅመም አልነካም' ነው የሚሉኝ።"

ከማል ገባው። ካፕሱሏን ሽማግሌው ከጥርስ ሕክምናው ቆጥረዋት ይሆናል። ማሩን ደግሞ ማር ነው ብለው ነው የበሉት፤ የሚወዷት ሚስታቸው በየጠዋቱ ስታጎርሳቸው ማን ይጠይቃል? በዚያ ላይ ድዳቸው ተፋቀ። ሌሊቱን ሲደሙ አደሩ፣ ጠዋት ገንዳው ላይ ሲጉመጠመጡ ራሳቸውን ስተው ግንባራቸው ጠርዙን መታ። የመታቸው ሰው የለም።

ስልኩን አወጣ። ሐኪሙ "ዋርፋሪን" የሚለውን ቃል ሲሰማ ሌላ አልጠበቀም። "ማርከሻውን፣ ቫይታሚን ኬ አዘጋጁ" ሲል ከስልኩ ወዲያ ተሰማ፤ ከዚያም፣ "መድኃኒቱ አለን፤ ደም ግን ያንሰናል። ዘመድ ካለ ላክልን።"

እትዬ የወይንሐረግ በዚያው አግዳሚ ላይ ነበሩ። ከማል አጠገባቸው ተቀምጦ ከበቀለች ጀመረ፤ ያንን ቶሎ ከላያቸው ሊያወርድላቸው ፈልጎ ነው።

"ነርስ?" አሉ።

"የልብ ነርስ። እርስዎ ትራምፔቱን እንዳይደብቁባቸው ፈርተው ነው የሸሸጉት።"

ሳቁ፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰብሮ ልቅሶ ሆነ። "እደብቅበት ነበር። እውነቱን ነው።" ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። የከማልን ፊት አይተው ቀሪውን ራሳቸው ደረሱበት። "ማሩ ነው?"

"ማሩ ብቻውን አይደለም።"

"የዶክተሯ ፍሬ ጥፍር አታህልም። ይቺ ምን ታደርግለታለች ብዬ ከምንጩ ሄጄ ገዛሁ። ስትጠይቀኝ እኮ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ከተነገረ ይረክሳል ብላኛለች ባለቅመሟ፤ ድዱ ሊድን ሲል እንዳላበላሽበት ነው ዝም ያልኩህ። ገደልኩት በለኛ።"

"አልሞቱም። ማር ያጎረሱት እርስዎ ብቻ አይደሉም፣ ሁላችሁም ናችሁ። እየተዋደዳችሁ ተደባበቃችሁ፤ ይኸው ነው ወንጀሉ። ሌላ አላገኘሁም።"

እትዬ የወይንሐረግ ድንገት ብድግ አሉ። "ልጁስ?"

"መኪናው ከምሳ በፊት ይመጣል።"

"ታዲያ ምን ትጎለታለህ? ውሰደኝ።"

ሴትዮዋ በዕድሜያቸው ሞተር ሳይክል ላይ ወጥተው አያውቁም። ነጠላቸውን ጠበቅ አድርገው አሰሩ፣ ከማልን ከኋላ ጨምድደው ያዙ፣ እስከ ቡራዩ ማርያምን ሲጠሩ መጡ። ከጣቢያው በር ላይ መኪናው ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። አዴ ገለቴ ከትናንት ቦታዋ ተነሥታ በሩን ይዛ ቆማለች። ድሪርሳን ሲያወጡት ደረሱ።

ኮማንደር ሐምዱ እስከ መጨረሻው ሰሟቸው።

"እትዬ፣ ትናንት በዓይኔ አየሁ ብለው ፈርመዋል እኮ።"

"በዓይኔ ያየሁት ሲያቅፈው ነው። ሌላውን የጨመርኩበት እኔ ነኝ።" "ባሌን በማር ለውሼ መድኃኒት ያበላሁት እኔ ነኝ። ከተናገርኩት ይረክሳል ተብዬ ነበር። ይኸው ተናገርኩት፣ ይርከስ። ሰው መውሰድ ካለባችሁ እኔን ውሰዱ።"

ኮማንደሩ ከማልን አዩት። ከማል ያንን ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ፣ የደረቁትን መሐረቦች ከጎኑ አስቀመጠ፤ የሐኪሙንም የሲስተር በቀለችንም ስልክ ቁጥር ነገራቸው። ኮማንደሩ መሐረቦቹን አገላበጡ። ከላይ ምን እንደሚሏቸው እያሰቡ እንደሆነ ከፊታቸው ይነበባል። ከዚያ ተነሥተው በመስኮቱ ወደ ሾፌሩ ጮኹ።

"ያን ልጅ ፍታው።"

እትዬ የወይንሐረግ በቀጥታ ወደ አዴ ገለቴ ሄዱ። ገለቴ ልጇን አቅፋ አንገቱን ታሸተዋለች። "ኢልመ ኮ፣ ኢልመ ኮ" ትላለች፤ ልጄ፣ ልጄ።

"እኔ ነኝ ያሳሰርኩት" አሉ እትዬ። "ይቅር በይኝ አልልሽም። እንድታውቂው ብቻ ነው።"

ገለቴ ልጇን ሳትለቅ አየቻቸው። ከማል አንድ ነገር እንዳይፈጠር ጠጋ አለ።

"ሰውየው አለ?" አለች ገለቴ።

"እስካሁን አለ። ደም ያስፈልጋል ብለዋል። ዘመዶቻችን መንገድ ተዘግቶባቸው ከዚያ ማዶ ቀሩ።"

"እኔ እሰጣለሁ" አለ ድሪርሳ።

ከማል ወደ ኮማንደሩ ዞረ። በዚያ ቀን በኬላው የሚያልፍ የመንግሥት መኪና ብቻ ነው። ኮማንደሩ ሊወስደው የመጣውን መኪና አዩት፣ ልጁን አዩት።

"ሰው ሳይዝ አይመለስም ብያለሁ" አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። "ይዞ ይመለስ።"

ሆስፒታሉ ውስጥ ደም የምትቀዳው ነርስ ድሪርሳን የዓይኑን ሽፋን ገልብጣ አየች። መቼ እንደበላ ጠየቀችው። ልጁ አላስታወሰም። ጎኑ ላይ ያለውንም ሰንበር አየችና ሹራቡን መልሳ አወረደችለት።

"አንተ ራስህ ደም ያስፈልግሃል። አልወስድም።"

"እችላለሁ።"

"አትችልም።"

ልጁ ግድግዳውን ተደግፎ ፊቱን ሸፈነ። አዴ ገለቴ ጋቢዋን አውልቃ ለከማል አስያዘችው። አልጋው ላይ ወጥታ ተጋደመች፣ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰበሰበች።

"ከእኔ ቅጂ።"

ነርሷ መርፌውን አስገባች። ደሙ በቀጭኑ ላስቲክ መውረድ ጀመረ። እትዬ የወይንሐረግ የሚይዙት የሚጨብጡት አጡ፤ ቀርበው የገለቴን ሌላ እጅ ያዙ። እጁ ሻካራ ነው፣ ሞቃት ነው። ገለቴ አልነጠቀቻቸውም፤ አልዞረችላቸውም ደግሞ።

"አልታረቅኩሽም" አለች ግድግዳውን እያየች። "መሬቴን አልረሳሁም።"

"አትርሺ" አሉ እትዬ የወይንሐረግ፤ እጇንም አልለቀቁም።